ወደማይታየው የዞሩ

ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ አለ፤ ሰቆጣ ፊዚክስ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የማሳየው። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጋላክሲዎች አንድ ላይ ተሰባስበዋል፤ ብዙዎቹ እንደ ገብስ ፍሬ ሞላላ ናቸው። ልብ ብሎ ለለካቸው፣ ሁሉም ባይሆኑ እንኳ፣ የቁመታቸው ጫፍ ወደ መሃል ያመለክታል። አንድ ላይ የያዛቸው አብዛኛው ነገር ግን ብርሃን የለውም፤ ጥቁር ቁስ ይሉታል። እኔን ግን ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ጭልጥ አድርጎ የሚወስደኝ ወደ ልጅነት ቤታችን ነው።

ልጅ ሆኜ ታላቅ እህቴ ዝናሽ ዐረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ ላይ በሰው በሰው "ደህና ነኝ" የሚል መልእክት ይደርሰን ነበር፤ ከዚያ ጭጭ። አባቴ ስሟን ማንሳት ተወ። እናቴ ግን ወጥ እያማሰለች ድንገት ቆም ትልና "ረስታን ይሆን?" ትላለች። የሚመልስላት የለም።

አንድ የክረምት ምሽት ጎረቤታችን እትዬ ካሳዬ እሳት ሊጭሩ መጡ። ደጁ ጉም ለብሷል፤ ቤቱ እርጥብ የወይራ እንጨት ይሸታል። ገና በሩ ላይ እንደቆሙ ሳቃቸው አመለጣቸው።

"እናንተ ደግሞ! እሳቱ ምን በደላችሁ? ሁላችሁም ጀርባ ሰጥታችሁታል እኮ!"

እውነታቸውን ነው። አባቴ በርጩማው ላይ፣ እናቴ መደቡ ላይ፣ እኔ ቁርበቱ ላይ፣ በዚያ ብርድ ፊታችንን ወደ በሩ አዙረን ተቀምጠናል። ዙሩ ያለን የለም። እትዬ ካሳዬ ነገሩ ሲገባቸው ሳቃቸውን ዋጡት። ፍሙን በገል ይዘው፣ "ትመጣለች፣ አይዟችሁ" ብለውን ወጡ።

ዝናሽ መጣች፤ ግን እናቴን ከቀበርን በኋላ ነው። በቀደም ያንን ፎቶ ሳሳያት ብዙ አፍጥጣ አየችው።

"መሃል ያለው ካልታየ፣ መኖሩን በምን አወቁ?" አለችኝ።

"ዙሪያውን ያሉትን አይተው ነዋ። እየሳባቸው እነሱ ያሳብቁበታል።"

ስልኩን መለሰችልኝና፣ "አሠሪዎቼ ስልኬን ቀምተውኝ ነበር" አለች። "አገራችን በየት በኩል እንደሆነ አንዲት ልጅ ጠይቄ፣ ሁልጊዜ ፊቴን ወደዚያ አድርጌ ነበር የምተኛው።"

ወይኔ እናቴን! ያኔ ቤት ሙሉ ሰው ሆነን ለአንዲት ጥያቄዋ መልስ አጣን። ዛሬ መልሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንባውን ይጠርጋል፣ እናቴ ግን የለችም። እህቴን አቀፍኳትና ጮክ ብዬ፣

"አልረሳችንም እኮ፣ እማዬ" አልኩ።