ወሬዬ ቀድሞኝ ሰመራ ገባ

ከአዋሽ የተነሳሁት ወንድሜን ለመቆጣት ነው። ሌላ ጉዳይ የለኝም። ታናሼ ዳዊት ሰመራ ውስጥ ጎበዝ በያጅ ነበር፤ አሁን ሥራውን ትቶ ቤት ተቀምጦ ይጸልያል። ሚስቱ ትዕግስት ደግሞ አራስ ናት። በስልክ ስጮህበት «እቴቴ፣ የማይዘሩትን የማያጭዱትን ወፎች ማነው የሚመግባቸው?» አለኝ። «ሊሠራ የማይወድ አይብላ የሚለውን ገጽ ቀደድከው እንዴ?» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለችኝን ምግብ ቤት ትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ

የመልካ ወረርን መገንጠያ አለፍን። የጅቡቲ ተሳቢ መኪና መንገዱን ሞልቶታል፤ ግራ ቀኙ ጁሊፍሎራ የሚሉት እሾሃም ዛፍ ነው። ሙቀቱ አይጣል! ነጠላዬን አወልቃለሁ፣ መልሼ እለብሳለሁ፤ በልቤ ከዳዊት ጋር እከራከራለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ጠዋት የገባው ሠራተኛና ሊመሽ ሲል የገባው እኩል ደመወዝ ያገኙበት የወንጌሉ የወይን ቦታ ታሪክ መቼም አልዋጥልኝ ብሎኛል። ሌሊት ተነስቼ ሽንኩርት የምከትፍ ሴት ነኝ እኮ!

ገዋኔ

ለምሳ ወረድን። ወሎዬው ባለሆቴል ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረበልን፤ ደህና ነበር። አብረውኝ የተሳፈሩ ሐሰን የሚባሉ አፋር ሽማግሌ ዳጉ ጠየቁኝ። አፋር ዘንድ መንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነጋገራል፤ ዳጉ ማለት ይኸው ነው።

«ከየት መጣሽ? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

«ምን እሰማለሁ አባቴ! ሰመራ ያለው ወንድሜ ሥራ ፈቶ፣ አራስ ሚስቱ የምትጠጣው አጥታለች» ብዬ ስሙንም ሰፈሩንም ዘረገፍኩላቸው።

«ሪዝቅ፣ የዕለት እንጀራ፣ ከአላህ ነው» አሉና ስልክ ደውለው በአፋርኛ ብዙ አወሩ። የራሳቸው ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

ሰመራ

ሚሌንና ሎግያን አልፈን አመሻሽ ላይ ገባን። የዳዊትን በር በርግጄ ስገባ ግቢው ውስጥ የምትታለብ ፍየል ታስራለች።

«አየሽ እቴቴ!» አለ ዳዊት እንባ በእንባ ሆኖ። «የማናውቃት ሴት አመጣችልን! ወተቷ እስኪደርቅ ጠጡና መልሱልኝ አለች። እኔ የነገርኩት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው!»

«አንተ! የተናገርኩት እኔ ነኝ! ገዋኔ ላይ፣ አንተን ሳማ!»

«ታዲያ በማን አፍ ይናገር?»

በንዴት እንባዬ መጣ። የተኛ ሰው ላስነሳ ሄጄ ትራስ ጨመርኩለት። ትዕግስት የታቀፈቻትን ሕፃን እያየሁ ፈራሁ፤ እሷን ማን ሊያሳድጋት ነው?

ጠዋት ባለፍየሏ መጣች። ፋጡማ ትባላለች፤ የሐሰን የእህት ልጅ ናት። ለትዕግስት አስተላለቡን ስታሳያት ዳዊት እዚያው ቆሞ ያያል።

«ለልጆችሽስ ምን ቀረላቸው?» አለቻት ትዕግስት።

«ሻይ ይጠጣሉ» አለች ፋጡማ፣ እጇን ሳታቆም። «ሻይ ምን አለው?»

ዳዊት ፊቱ ተለዋወጠ። «ከልጆቿ አፍ ላይ ነው?» አለ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ገብቶ የብየዳ መነጽሩን ይዞ ወጣ፤ አማተበና ወደ ቀድሞ ሥራው ሄደ። እኔ ያን ሁሉ ጥቅስ ጭኜ መጥቼ አንዱንም አላወረድኩም።

አዋሽ

ያሸነፍኩ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። በላቤ ነው የምበላው ስል ኖሬ፣ ለእኔስ ከማን ላይ ተቀንሶልኝ ይሆን? መንገዱን ሙሉ ይህ ነገር ሲከነክነኝ መጣ።

ምግብ ቤቴን እንደከፈትኩ አንድ ሾፌር በልቶ ሲጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «የሠራሁት እኔ፣ ምስጋናው ለእሱ?» ብዬ አሾፍበት ነበር።

«አሜን» አልኩና ወጥ ጨመርኩለት።