ሙሉ ዙር

አስካለች ሆሳዕና ውስጥ ከፎቶ ኮፒ ቤቷ ጀርባ ያለችውን ክፍል ያከራየችው ከሾኔ ለመጣ አንድ ዝምተኛ ሰው ነው። በጠራራ ፀሐይም ሹራቡን አያወልቅም፤ ሲያወራ ሁለቱንም እጆቹን እጅጌው ውስጥ ይሸሽጋል። ክፍሉ ውስጥ ራሱ የገጣጠመው፣ በላፕቶፕ የሚታዘዝ ትንሽ የእንጨት መቅረጫ ፍሬዛ ማሽን አለው። ሰሞኑን እንጨት እያዞረ የሚያስቀርጽ ሞተር ጨምሮበት ልኩን ለማስተካከል ይታገላል። ሞተሩ አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ከተነሳበት መስመር ላይ መቆም ሲገባው ሁልጊዜ ጥቂት ያልፋል።

አንድ ቀን ከሰዓት አስካለች ቆጣሪ ልታይ ስትገባ፣ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ በእርሳስ የመነሻውን መስመር ሊያሰምር ሲታገል አገኘችው። እጁ ክፉኛ ይንቀጠቀጣል። መስመሩም ተጣሞ ቀረ።

«ጋሼ፣ እኔ ላስምርልዎት?»

ሰውየው እርሳሱን ሰጣት። «ድሮ በእጄ ነበር የምቀርጸው» አለ። «የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ምሰሶዎች የእኔ ሥራ ናቸው። እጄ ሲከዳኝ ይሄ ይተካልኛል ብዬ ነው የሠራሁት።»

ቀጥ ያለ መስመር አሰመረችለት። ላፕቶፑን ነካ ሲያደርግ ሞተሩ እያቃሰተ ዞረና መስመሩን አልፎ ቆመ። ላፕቶፑ ላይ የዙሩን ቁጥር ቀይሮ ደገመው፤ አሁንም አለፈ።

«ጥፋቱ የተጣመመው መስመሬ ነው እያልኩ ስጽናና ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አሁንስ ምን ልበል?»

አስካለች ከፊት በኩል ደንበኛ ሲጣራ ሰማች፤ እሷ ግን እርሳሱን እንደያዘች ከሞተሩ አጠገብ ቁጭ አለች።