የእናቴ ጣውንት

አባዬን ደግፌ ወደ ልደታ ማርያም ስንሄድ፣ መንገድ ዳር ከኋላዋ ዝቅ ብላ የቆመች አሮጌ መኪና አየን። ከሥሯ የፈሰሰው ዘይት ሲሸተኝ የልጅነት ግቢያችን ድቅን አለብኝ።

አባዬ መካኒክ ነበሩ። የአንዲት ሀብታም ወይዘሮ ጥቁር መኪና እኛ ግቢ ከረመች። በዘይት ግፊት ከፍና ዝቅ የምትል የድሮ የቅንጦት መኪና ነበረች። ማታ ቀጥ ብላ ትቆምና ጠዋት ቂጧ መሬት ሊነካ ደርሶ እናገኛታለን። ሰው ሁሉ "ፓምፑ ነው" ቢላቸውም አባዬ አላመኑም። ቱቦዎቿን በጨርቅ አደራርቀው፣ ሥሯ ተኝተው፣ የቱ ቀድሞ እንደሚረጥብ ይጠብቁ ጀመር።

"አይዞሽ የኔ እመቤት፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?" ሲሏት ሰማሁ። እኔን ትኩሳት ሲያንገበግበኝ እንኳ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ቅናት አንገበገበኝ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ "ጣውንቴ እንዴት አደረች? የኔን ወገብ የሚያይልኝ ጠፋ እንጂ!" አለች። ጣውንት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

በመጨረሻ ዘይቱን የምታፈሰውን የተበላች ትንሽ የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒዋን፣ አገኙና ቀየሩላት። መኪናዋ ቀስ ብላ ስትነሳ አባዬ አጨበጨቡ። እኔ አለቀስኩ።

ትናንት "ልጄን ጎንበስ ብለው ይሳሙልኝ" ስላቸው "ጉልበቴን ያመኛል!" ያሉኝ አባዬ፣ ዛሬ ክንዴን ለቀው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ።

"አይዞሽ" አሉ በለሰለሰ ድምፅ።

"ደህና ነኝ አባዬ፣ አልደከመኝም" አልኳቸው።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። መኪናዋን ነበር።