የመስኮቱ ሙዝ

ታላቅ ወንድሜን፣ ወንድም ጋሼን፣ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው መስኮት ላይ የሚያስቀምጡት በጣም የበሰለ ሙዝ ነው።

ሆዳቸውን ብዙ ዘመን አሟቸዋል። ልጃቸው ምርምር ቤት ነው የምትሠራው፤ ለሆድ ሕመም መድኃኒት ፍለጋ የፍራፍሬ ዝንብ እያረባች ትመግብና የዝንቦቹ አንጀት ምን እንደሚሆን ታያለች። "እንዲህ ደቃቃ ሆነው፣ አንጀታቸው ሲቆስልም ሲድንም የሰውን ይመስላል" ብላ አስረዳችን። እኔ ብዙም አልገባኝም። ወንድም ጋሼ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሙዙ ላይ የሚያርፉትን ዝንቦች አላባረሩም። ሙዙን ልጠው ሰሃን ላይ ያደርጉና፣ እንግዳ እንደመጣበት ሰው፣ "ኑ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ" ይላሉ።

ልጅቷ ሳቀች። "አባዬ፣ የኛዎቹ እኮ ጠርሙስ ውስጥ ናቸው! እነዚህ የሰፈር ናቸው።"

"ቢሆኑስ? ዘመዶቻቸው አይደሉ? የባለውለታ ዘመድ ከደጅ ይመለሳል እንዴ?"

ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ "ምርምሩ ይደርስልዎት ይሆን?" አልኳቸው።

"ለኔ እንኳ አይደርስም። የሚደርስለት ሰው ግን አይጠፋም፤ እሱም ዘመዳችን ነው" አሉኝ ሆዳቸውን ይዘው።

የወንድም ጋሼ ለቅሶ ሲያበቃ ቤቱን ያጸዱት ሴቶች ሰሃኑን አጥበው መደርደሪያ ላይ መለሱት። መስኮቱን ባዶ ሳየው ነው መሄዳቸው የገባኝ። ዝንቦቹ መስታወቱ ላይ ይዞራሉ። ሰሃኑን አውርጄ ሙዝ ላጥኩ። ሰሃኑ ላይ አድርጌም መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።

ልጃቸው ከኋላዬ መጥታ ቆመች። "ኑ" አለች ቀስ ብላ፣ "ቤት ያፈራውን ቅመሱ።"