ከገመዱ ወዲያ

በሥራ ቦታዋ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ክረምት ከበጋ ከእጇ በማትለየው ቢጫ ጃንጥላ ምክንያት፣ ከሙዚየሙ ጥበቃ እስከ አውቶቡሱ ሾፌር ድረስ «ባለ ጃንጥላዋ» ነው የሚሏት። አስጎብኚ ናት። ጃንጥላውን ከፍ አድርጋ ይዛ ከፊት ትሄዳለች፤ ያ ሁሉ ጎብኚ፣ ጡረተኛው፣ አስተማሪው፣ አዲስ ሙሽራው፣ እንደ ጫጩት ከኋላዋ ይኮለኮላል።

ምላስ እንደሆነ አልተነፈገችም። ስለ አንድ ሥዕል የምታውቀው ሲያልቅባት የማታውቀውን ትቀጥላለች። በትልቁ ሙዚየም ውስጥ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ሥዕል አለ። ሴትየዋ ማን እንደሆነች እንደማይታወቅ ከሥዕሉ ሥር በግልጽ ተጽፏል። ባለ ጃንጥላዋ ግን ባል ሰጥታታለች፤ ባሏንም ባሕር ውስጥ አስጥማዋለች። መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን የሚጠርግ ጎብኚ ጠፍቶ አያውቅም። የሙዚየሙ ሰዎች ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፏታል። ሰው ቤቱ ይዞ የሚገባው ታሪኩን ነው እንጂ ቀለሙን አይደለም ትላለች፤ እውነቷን ነው። ክፋቱ፣ ውሎ ሲያድር የራሷን ፈጠራ ራሷም ማመን ጀምራ ነበር።

ጉብኝቱ በትልቁ ሙዚየም ይጀምርና በትንሹ ሙዚየም በኩል አድርጎ የድንጋይ ቀራጩ ዘንድ ይደርሳል። እዚያ አቧራው ሁሉንም ያስላቸዋል። መጨረሻው የሠዓሊው ስቱዲዮ ነው፤ ድሮ መጋዘን የነበረ ቤት ፎቁ ላይ፣ ሰፊ መስኮት ያለው አንድ ክፍል። ሠዓሊው ታላቅ ወንድሟ ነው። ይህን ለጎብኚ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷ ገና ፊደል አልለየችም ነበር። ወንድሟ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈ፣ የጸጉር ቤት ግድግዳ ላይ ያማሩ ጭንቅላቶች እየሣለ አሳደጋት፣ አስተማራት። እሱ ሳያገባ፣ ሳይወልድ ቀረ። ስቱዲዮው እሷ የምትሠራበት አስጎብኚ ድርጅት ንብረት ነው። ጎብኚ እስከመጣለት ድረስ ይሠራበታል፤ ከመጋረጃ ጀርባ አልጋ አለችው፤ እዚያው ያድራል። ስቱዲዮው ከጉብኝቱ ከወጣ ግን መውደቂያ የለውም። የእሷ ቤት ለባሏና ለልጆቿም አልበቃ ያለ ነው፤ ሸራ የሚዘረጋበት ቦታ ከየት ይመጣል?

ችግሩ፣ ወንድሟ ሰው አይችልም። አንዱ ጎብኚ አንድ ሥዕል ለመጨረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ ቢጠይቀው፣ ለአንተ እስካስረዳ ሁለት እጨርሳለሁ አለው። ሌላዋ፣ ሥዕሉ ከሳሎኗ መጋረጃ ጋር ይሄድ እንደሆነ ብትጠይቀው በሩን ከፍቶ ደረጃውን አሳያት። አቤቱታው ሲበዛ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ባለ ጃንጥላዋን አስጠርቶ፣ አንድ ቅሬታ ቢደገም ክፍሉን የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ እንደሚያደርገው ነገራት።

መላ ዘየደች። የወንድሟን ወንበር አዙራ ጀርባውን ለበሩ፣ ፊቱን ለሸራው ሰጠችው። ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በገመድ ከፈለችው፤ ጎብኚ ከገመዱ ወዲህ፣ እሱ ከገመዱ ወዲያ። ከዚያ ቁጭ ብላ ለመነችው።

«ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ፣ ሰማይ ቢደፋ እንዳትዞር። አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

«ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የሚመጡት ጀርባዬን ሊያዩ ነው?» ብሎ ሳቀባት። ግን ለእሷ ሲል እሺ አለ።

ጎብኚው ቅር እንዳይለው ደግሞ፣ እንደ ልማዷ፣ ታሪክ ፈጠረችለት። ደረጃው ላይ ታስቆማቸውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሠዓሊው ሲመስጠው ዓለም እንደሚጠፋበት፣ ማንም ቢያናግረው እንደሚደነግጥ፣ ሥዕሉ ሲሳካለት ግን ሳያውቀው እንደሚያጉረመርም ትነግራቸዋለች። ከታደላችሁ ትሰሙታላችሁ ትላለች። ወንድሟ እንኳን ሊያጉረመርም፣ ሲሠራ ትንፋሹም አይሰማም። ሰው ግን ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፤ ባይሰማም ደስ ብሎት ይወርዳል። ቅሬታው ቀጥ አለ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሱ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። ስቱዲዮው ይቆይ ወይስ ይዘጋ የሚለውን ዛሬ በዓይኔ አይቼ እቆርጣለሁ አላት። ባለ ጃንጥላዋ ያን ጠዋት በባለ ሰማያዊ ቀሚሷ ሥዕል እንኳ ሰዉን በወጉ አላስለቀሰችም። መጋዘኑ ጋ ሲደርሱ ቀድማ ወጥታ፣ ሥራ አስኪያጁ እንደመጣ በበሩ ስንጥቅ አንሾካሾከችለት። ወንድሟ ራሱን እንዳመመው ነገራት። ዛሬን ብቻ ቻልልኝ አለችው። እሺ አለ፤ ብሩሹን አንስቶ ተቀመጠ።

ጎብኚዎቹ ገብተው ከገመዱ ወዲህ ተደረደሩ። ወንድሟ ጥቂት ቀባ። ከዚያ ቀኝ እጁ ሸራው ላይ እንዳለ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ ከላይ እስከ ታች ረጅም ቀይ መስመር አሰመረ፤ ብሩሹ ወለሉ ላይ ወደቀ። አንዱ ጎብኚ ለሚስቱ «ድፍረቱን አየሽ?» አላት። ወዲያው ከወንበሩ በኩል ድምፅ ተሰማ። እም… እም… ይላል፤ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ የታፈነ ድምፅ።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ፊቱ በራ። ባለ ጃንጥላዋ ግን የወንድሟን ጀርባ አፍጥጣ አየች። ይህን ሁሉ ጊዜ ደረጃው ላይ የምትዘባርቀውን እየሰማ ዝም ብሎ ኖሮ፣ ዛሬ ለእሷ ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ እንዲሰማ ብሎ አጉረመረመላት! እንዲህ ነው ያሰበችው። ያ ኩሩ ሰው ለእሷ ብሎ እዚህ ድረስ ዝቅ አለ ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከፊት የቆሙ አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

«ልጄ፣ ሰውየው ደህና ነው? ወደ አንድ ጎኑ አጋደለብኝ እኮ።»

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ዝም ይበሉ እማማ፣ ተመስጦ ነው» ብላ አንሾካሾከች። አሮጊቷ አፍረው ይቅርታ ጠየቁና ዝም አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ እንዲቆዩ በእጁ ምልክት ሰጣት፤ ቆዩ። ሰውየው እያጉረመረመ፣ እነሱም እየሰሙ። ፎቶ ያነሱም ነበሩ። በመጨረሻ በጫማቸው ጫፍ እየተራመዱ አንድ በአንድ ወረዱ። እሷ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

አውቶቡሱ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ እጇን ጨበጣት። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅ፣ ስቱዲዮውን ማንም እንደማይነካው ነገራት። ጎብኚዎቹን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ምሳ ቤት አድርሳ፣ በልተው ጠጥተው ቀኑ ሲያጋድል ለሾፌሩ አደራ ሰጥታ፣ ጨርቄን ማቄን ሳትል ወደ መጋዘኑ ተመለሰች። ደረጃውን በሩጫ ወጣች። የምሥራቹን ገና በሩን ሳትከፍት ነበር የጀመረችው።

ወንበሩ ሥር ወድቆ አገኘችው። አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፤ ቀኝ እጁ ከሥሩ ተጠምዝዞ ቀርቷል። ዓይኑ ግን ክፍት ነው፤ አወቃት። አያት፣ አያትና አፉን ታገለው። እም… አለ። ያው ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ነው ሲጠራት እንደነበር የገባት።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ ሰው የማታጉላላ፣ ቃሏን የማትሸፋፍን። ደም ወደ አንጎሉ አንድ ወገን መሄድ አቁሞ እንደነበር፣ እንዲህ ያለው ሕመም እንደጀመረ ከተደረሰበት የሚረዳ መድኃኒት እንዳለ፣ አሁን ግን ሰዓቱ እንዳለፈ ነገረቻት። ቢተርፍ እንኳ አንደበቱና ቀኝ እጁ የሚመለሱ አይመስለኝም አለች። ከዚያ መጠየቅ ቀጠለች።

«ሲጀምረው ብቻውን ነበር?»

«አልነበረም።»

«ማን ነበር አብሮት?»

«እኔ ነበርኩ። ደግሞ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት። «ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሰው ልብ ያለ አንድ ጠፋ?»

«አንዲት እናት ልብ ብለው ነበር» አለች፤ «ነግረውኛልም። ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ።»