ስለ መንጋጋዬ የተፈረደው

ሰሞኑን አውቶቡስ ተራ አንድ ጎረምሳ የሕልም መፍቻ መጽሐፍ በየመስኮቱ ሲያዞር አየሁና ተቀብዬ ገለጥ አደረግሁት። «ጥርስ ሲወልቅ ማየት፣ ሞት ነው» ይላል። ደሜ ፈላ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ከመጽሐፉ ጋር ተጨቃጨቅሁ።

በጃንሆይ ጊዜ አሰላ ውስጥ ከዚህ መጽሐፍ የባሱ ሴት ነበሩ፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች። ባላቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሲመደቡ አብረው ከመንዝ የመጡ ናቸው። እኛ ሙስሊም፣ እሳቸው ክርስቲያን፤ ሕልም ሲሆን ግን ሰፈሩ በሙሉ ደጃቸውን ይጠና ነበር። ሰርግ ያየ ለቅሶ ይጠብቅ፣ ጥሬ ሥጋ ያየ አልጋውን ያንጥፍ ይላሉ። እሳቸውን ፈርቶ እንቅልፍ የተወ ሰው አለ እስከ መባል ተደርሷል። ያስወራሁት እኔ ብሆንም ውሸት አይመስልም ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ናዝሬት፣ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ገብቼ ሞተር እንድማር አባቴ በስንት ልመና ፈቀደልኝ። ስንዴ ጭኖ በኢተያ በኩል የሚወርድ መኪና ሊወስደኝ ተስማማ። ጊዜው የአጨዳ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል። እናቴ ለስንቄ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ አዘጋጀች፤ ናዝሬት ቀርቶ መካ ያደርሳል።

በመሄጃዬ ዋዜማ መንጋጋዬ ወልቆ እጄ ላይ ሲወድቅ በሕልሜ አየሁና፣ እኔ ሞኝ፣ ቁርስ ላይ አወራሁት። እናቴ ሻሿን አስራ እትዬ ዘነበች ዘንድ በረረች። ፍቺው፣ ይህ ልጅ ከሄደ አይመለስም የሚል ሆነ። አባቴም ጉዞው ቀርቷል አለ።

በማግስቱ መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ በደጃችን አለፈ። የቤቱ ሰዎች ይባስ ብለው ስንቄን ከበው ይበሉት ጀመር! አንተም ብላ ይሉኛል። በንዴት አንዴ ብጎርስ መንጋጋዬ ጥዝ አለ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ሕልሙን ከማየቴ በፊት፣ ማታ፣ ቆሎ ውስጥ የጭላሎን ተራራ የምታክል ጠጠር ነክሼ ነበር።

ሮጬ ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ ጥርሴን እኮ አሞኛል።»

«ታዲያ ሕልሙ ነዋ ያሳመመህ።»

«ያመመኝ ከሕልሙ በፊት ነው። ጠጠር ነክሼ።»

ቀና እንኳ አላሉም። «አንተ ልጅ፣ እናትህ የመጣችው እያለቀሰች ነው። ሂድ የሚል ፍቺ ብሰጣት ትቀበለኝ ነበር?»

ቤት ተመልሼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አባቴ የበቅሎ ዕድሜ እንደሚያይ ሰው አፌን ከፍቶ መንጋጋዬን አየ፤ ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። እሷ ወለሉን እያየች «ፈራሁ» አለች። በቃ።

በሳምንቱ ሄድኩ። ጋራዡ ግን ሞተር የሚማር ሌላ ልጅ አግኝቶ ነበር። እኔን ለጎሚስታው ሰጡኝና ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ስለጥፍ ኖርኩ። ከዚያ ወዲህ ሕልሜን የምፈታው ራሴ ነኝ፤ ምን በላሁ፣ የቱ ጋ አመመኝ፣ ምን ፈራሁ ብዬ እጠይቃለሁ።

ባለፈው መስከረም ልጄ አስተማሪ ሆና ጢቾ ስትመደብ ክፉ ሕልም አይቼ አደርኩ። ምን እንዳየሁ ለማንም አልተናገርኩም። ሻንጣዋን አውቶቡሱ ላይ እያወጣሁ «ፈርቻለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«መሄድሽን።»

ስቃ ተሳፈረች። እዚያ ቆሜ አቧራውን ሳይ የእናቴ ጭንቀት ገባኝ፤ ንዴቴ ግን ዛሬም አልበረደልኝም። «ፈራሁ» የምትል አንዲት ቃል ለመናገር እኮ የሰው ጥርስ አያስፈልግም።