ጋሽ ሰይድ ያሉኝ ቃል

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ዳንግላ ውስጥ ነው። ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ የሚስቅም አለ፣ የሚያዝንልኝም አለ። እኔ ግን ልሳቅበት ወይስ ልዘንበት እስካሁን አልለየልኝም።

ስምንት ዓመቴ ላይ በማጅራት ገትር ታምሜ ጆሮዬን አጣሁ። ግራው ጨርሶ አይሰማም። ቀኙ ሰው ቀርቦ ጮክ ብሎ ካወራ ትንሽ ይይዛል። የቀረውን የማገኘው ከሰው ከንፈር ነው። እናቴ በአገውኛ ስታወራኝ አንድም ቃል አያመልጠኝም። የማላውቀው ሰው በአማርኛ ሲያወራኝ ግን ግማሹን በግምት ነው የምሞላው።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ ትምህርቱ አልሆነልኝም። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲያስረዳ ለእኔ ዝም እንዳለ ነበር። አባቴ ከአዲስ ቅዳም ዳንግላ ወስዶ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ አስገባኝ። የወንድ ኮት በመስፋት የታወቁ ሰው ናቸው።

"ጆሮዋ ነው እንጂ እጇ ደህና ነው" አላቸው አባቴ።

እሳቸውም አንዱ የስፌት መኪና ላይ አስቀምጠው ቁራጭ ጨርቅ ሰጡኝ።

በሦስተኛው ቀን ክሩ ደጋግሞ ተበጠሰብኝ። ድምፁን ስለማልሰማ መበጠሱን ቶሎ አላውቅም፤ ባዶ መርፌ ስነዳ እቆያለሁ። ጋሽ ሰይድ መጡና እጄን ከጨርቁ ላይ አንስተው አንድ ቃል ተናገሩ። በከንፈራቸው ስፒል ይዘዋል። ሌሎቹ መኪናዎች ይንጫጫሉ። እኔ ያየሁት "አትችይም" የሚል ነው።

ለምሳ እንደወጣሁ አልተመለስኩም። ለአባቴም "አልወደድኩትም" ብቻ አልኩት።

ከዚያ እንጅባራ አክስቴ ቤት ሄጄ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ከምትሰፋ ሴት ዘንድ ሥራ ጀመርኩ። ክር ሲበጠስ በእጄ እንዳውቅ ራሴን አስተማርኩ። ከመርፌው ኋላ ጣቴን አሳርፌ ስፌቱ መያዙን እየዳበስኩ እሰፋለሁ። መጀመሪያ ብዙ ጨርቅ አበላሽቻለሁ፤ በኋላ ግን ከሚሰሙት ቀድሜ የማውቅ ሆንኩ።

ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሲደክመኝ፣ ልተወው ስል፣ የጋሽ ሰይድ ከንፈር ይመጣብኛል። "አትችይም።" እልህ ይይዘኝና እቀጥላለሁ። የራሴን ሱቅ የከፈትኩት በዚያ ቃል ነው። ማንም ሳያሳየኝ፣ አሮጌ ኮት እየተረተርኩ ኮት መስፋት የተማርኩትም በዚያው ነው።

ባለፈው ዓመት ልቤ የወደደውን ኮት ሰፋሁ። በፌስታል ይዤ ዳንግላ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የምላቸውን ሳጠና ነበር።

ጋሽ ሰይድ አርጅተዋል፤ መነጽር አድርገዋል። ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ገበሩን ገልብጠው አዩ፣ ኮሌታውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ።

"አንቺ፣ ያቺ የአዲስ ቅዳሟ ልጅ አይደለሽም? የት ጠፍተሽ ነው? ስንት ቀን ጠበቅንሽ!"

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

"አትችይም ስላሉኝ ነው የሄድኩት" አልኳቸው።

"እኔ?" እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ወላሂ አላልኩም። አትቸኩይ ነው ያልኩሽ! መኪናውን እኮ እንደ ፈረስ ነበር የምትጋልቢው።"

"እስቲ ስፒል ይዘው ይድገሙልኝ።"

ሳቁ። ግን እምቢ አላሉም። ሦስት ስፒል ከንፈራቸው ላይ ይዘው መጀመሪያ "አትቸኩይ"፣ ቀጥሎ "አትችይም" አሉልኝ። ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። መለየት አልቻልኩም።

"ሳላውቅ አሳዝኜሽ ከሆነ ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አሉ።

ስድስት ዓመት በልቤ ሳማቸው የኖርኩት እኔ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው። ከዚያ ወደ ኮቱ ተመልሰው "ትከሻው ላይ ትንሽ ስተሻል። ነይና ላሳይሽ" አሉኝ።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሐሳቤ ተምታታ። ምናልባት እውነትም ብለውኝ ረስተውት ይሆናል። ምናልባት እንዳይከፋኝ ብለው ይሆናል። ደግሞስ በደንብ ሰምቼ እዚያው ብቀር ኖሮ? በሁለት ዓመት ኮት እለምድ ነበር? ወይስ እስከዛሬ እሳቸው ሱቅ ቁልፍ ስተክል እውል ነበር? መልሱን ማን ይነግረኛል?

አሁን በየሁለት ሳምንቱ እሳቸው ዘንድ እየሄድኩ ትከሻ እማራለሁ። ሲያወሩኝ ስፒሉን ያወጣሉ። እወዳቸዋለሁ። ግን ሳልናደድ መሥራት አልለመድኩም።

ባለፈው ሳምንት አንድ እጅጌ ሦስት ጊዜ ተርትሬ ሰፋሁት። አሁንም አልገጥም ሲለኝ ልተወው ብዬ ተነሳሁ። እንደ ድሮው ያ ቃል እንዲመጣብኝ ቆሜ ጠበቅኩ። አልመጣም። ትንሽ ቆየሁና ተመልሼ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንዳስቀመጠኝ አላውቅም።